ፎቶግራፍን ማየት፣ ማሳየትና መተቸት

የሚከተለው ምንባብ የገላጭ ድርሰት ምሳሌ ነው። ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚከናወንና ስለ ምን እንደሚጠቅም ያስረዳል። ምንባቡን በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡት። ቀጥሎም ጸሐፊው ሐሳቡን ያስፋፋበትን መንገድ እያስተዋላችሁ ደግማችሁ አንብቡት። በመጨረሻም ከምንባቡ ሥር የቀረቡትን ጥያቄዎችና መልመጃዎች በየደብተራችሁ ሥሩ።

ምንባብ

ካሜራ የያዘ ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ያነሣውን ፎቶግራፍ በሌላ ሰው ዓይን መመልከት የሚችል ግን ጥቂት ነው። ፎቶግራፍ አንሺው የገዛ ሥራውን ሲያይ በወረቀቱ ላይ የሌለውን ጭምር ያያል። የዕለቱን ብርድ፣ የቆመበትን ስፍራ፣ የሚወደውን ሰው ድምፅ ያስታውሳል። ሌላው ተመልካች ግን በወረቀቱ ላይ ከሠፈረው በቀር የሚያየው የለም። በእነዚህ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ርቀት የሚታወቀው ሥራን ለሌሎች በማሳየትና የሌሎችን አስተያየት በመስማት ነው። ፎቶግራፍን እንጀራቸው ሳይሆን ፍቅራቸው ያደረጉ ሰዎች በየሳምንቱ አንድ ርእስ እየመረጡ፣ በርእሱ ላይ ያነሡትን ፎቶግራፍ እያቀረቡ የሚተራረሙት ስለዚህ ነው። የዚህ ምንባብ ዓላማ ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ፣ እንዴት እንደሚካሄድና ምን ጥንቃቄ እንደሚያሻው መግለጽ ነው።

የልማዱ አመጣጥ

ፎቶግራፍን ለሌሎች ማካፈል ከመጀመሪያው ጀምሮ የተቻለ ነገር አልነበረም። ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር የደረሰበት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1839 በፓሪስ ይፋ በሆነ ጊዜ፣ ምስሉ የሚቀረጸው ብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ነበር። ሰሌዳው አንድ ብቻ በመሆኑ ምስሉም ቅጂ አልነበረውም። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በወረቀት የሚሠራ ሌላ ዘዴ አስታወቀ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም አሻሻለው። በዚህ ዘዴ አስቀድሞ ብርሃኑ ጨለማ፣ ጨለማውም ብርሃን ሆኖ የሚታይበት ኔጌቲቭ ይገኛል። ከአንዱ ኔጌቲቭ ደግሞ የተፈለገውን ያህል ቅጂ ማተም ይቻላል። እንግዲህ አንድ ፎቶግራፍ በብዙ ሰዎች እጅ ሊገባ የቻለው ከዚህ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1853 የፎቶግራፍ ወዳጆች በለንደን ከተማ ማኅበር መሠረቱ። በዚያው ዘመን አንዳንዶቹ አንሺዎች የሥራዎቻቸውን ቅጂ እየተለዋወጡ በአልበም ያኖሩ ነበር። ይሁን እንጂ ሥራው የኬሚካል ዕውቀትና ብዙ ገንዘብ ይጠይቅ ስለ ነበር ተካፋዮቹ ጥቂቶች ነበሩ። ይህን የለወጠው አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ለገበያ ያቀረበው ኮዳክ የተባለው ካሜራ 100 ፎቶግራፍ የሚያነሣ ፊልም ተሞልቶ በ25 ዶላር ይሸጥ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ባለቤቱ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልካል፤ እዚያም ፊልሙ ታጥቦና ታትሞ፣ ካሜራውም እንደገና ተሞልቶ ይመለስለታል። እ.ኤ.አ. በ1900 ደግሞ ብራውኒ የተባለው ካሜራ በ1 ዶላር ብቻ መሸጥ ጀመረ። ፎቶግራፍ ማንሣት ወደ ተራው ሰው ቤት የገባው በዚህ ምክንያት ነው።

አንሺዎቹ ሲበዙ የሚገናኙበትን መንገድ ፈለጉ። በአንድ ከተማ የሚኖሩት በክበብ ይሰበሰቡ ነበር። ተራርቀው የሚኖሩት ደግሞ ፎቶግራፎቻቸውን በአንድ ሣጥን አሽገው በፖስታ ያዞሩ ነበር። ሣጥኑ የደረሰው አባል የሌሎቹን ሥራ ይመለከታል፤ አስተያየቱን በጽሑፍ ያኖራል፤ በራሱ ሥራ ላይ የተጻፈውን ያነባል። ከዚያም አሮጌውን ፎቶግራፉን አውጥቶ በአዲስ ይተካና ሣጥኑን ወደሚቀጥለው አባል ይልካል።

ፊልም የማይፈልግ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1975 በኮዳክ ኩባንያ ውስጥ ስቲቨን ሳሰን በተባለ መሐንዲስ ተሠራ። ያ ካሜራ አንድ ምስል ለመመዝገብ 23 ሰኮንድ ይፈጅበት ነበር። ዛሬ ግን በኪስ የሚያዝ ስልክ ይህንኑ ሥራ በቅጽበት ይፈጽማል። መሣሪያው ቢለወጥም ጉዳዩ አልተለወጠም። ዛሬም አንሺው ሥራውን አይቶ እውነቱን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

በአገራችን ፎቶግራፍ ረጅም ታሪክ አለው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ለመሆን በቅቷል፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ትርኢት በአዲስ አበባ ጀምራለች። ሥራን እያቀረቡ መታረም ግን ከፎቶግራፍም በፊት በአገራችን የኖረ ሥርዓት ነው። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሲቆጥር ውሎ የደረሰበትን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙታል። ጀማሪው ተማሪ የሚነሣው ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ነው። ልኩ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ የጎደለውና የተረፈው ወዲያው ይታያል።

የሳምንቱ ርእስ ጥቅም

ከላይ የተጠቀሰው የልክ ነገር በሳምንታዊው የፎቶግራፍ ልምምድም ይሠራል። «የፈለጋችሁትን አንሡ» የተባለ ሰው ብዙውን ጊዜ የለመደውን ያነሣል። «በዚህ ሳምንት በር አንሡ» የተባለ ሰው ግን እስከዚያ ቀን ሳያስተውል ሲያልፍባቸው የነበሩትን በሮች ሁሉ ማየት ይጀምራል። ርእሱ ዓይንን ያነቃል። ከዚህም በላይ ሁሉም ለአንድ ጥያቄ መልስ ስለሚያቀርቡ ሥራዎቹን ማነጻጸር ይቻላል። አንዱ የቤተ ክርስቲያን በር ቢያነሣ፣ ሌላዋ የዛገ የቆርቆሮ በር ብታነሣ፣ ሦስተኛው ደግሞ በሩን ትቶ ደጃፉ ላይ የወለቁትን አምስት ጥንድ ጫማዎች ቢያነሣ፣ ተመልካቹ በሦስቱ መካከል ያለውን የአስተሳሰብ ልዩነት በግልጽ ያያል። ሦስተኛው አንሺ በሩን አላሳየም፤ ይሁን እንጂ በውስጥ ያለውን እንግዳ ሁሉ አሳይቷል።

ርእስ ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው እንደ በር፣ እንደ ውሃ፣ እንደ እጅ ያለ ተጨባጭ ነገር ነው። ሁለተኛው እንደ ጥላ ወይም እንደ መስመር ያለ፣ የምስሉን ቅርጽ የሚመለከት ነው። ሦስተኛው እንደ ትዕግሥት ወይም እንደ መለየት ያለ ረቂቅ ሐሳብ ነው። ጀማሪዎች ከመጀመሪያው ዓይነት ቢነሡ ይመረጣል። አንድ ሳምንት የሚሰጥበትም ምክንያት አለው። አንሺው አንድ ጊዜ አንሥቶ ካልተሳካለት፣ ስሕተቱን አስቦ በሌላ ሰዓት ለመመለስ ጊዜ ያገኛል።

አንድ የተበላሸ ዓርብ

ስለ ትችት ሥርዓት ከመናገሬ በፊት፣ ሥርዓቱ ሲጎድል ምን እንደሚደርስ ያየሁትን ልግለጽ። አስተማሪ በነበርሁበት በአንድ ትምህርት ቤት ዐሥራ ሁለት ተማሪዎች ያሉበት የፎቶግራፍ ክበብ ነበር። ክበቡ ያለው አንድ ካሜራ ብቻ ነው። በየሳምንቱ 36 ፎቶግራፍ የሚያነሣ አንድ የጥቁርና ነጭ ፊልም ስለሚገዛ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ ሦስት ፎቶግራፍ ይደርሰው ነበር። ከሦስቱ አንዱ ተመርጦ በከተማው ፎቶ ቤት ይታተምና ዓርብ ከሰዓት በኋላ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

የአንዱ ሳምንት ርእስ «ሥራ» የሚል ነበር። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አያቷ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ጥጥ ሲፈትሉ አንሥታ አቀረበች። ፎቶግራፉ ገና እንደ ተሰቀለ አንድ ቀልደኛ ልጅ ከኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ይህ ሰው ነው ወይስ ከሰል?» አለ። ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። እኔ አልሣቅሁም፤ ነገር ግን ዝም አልሁ። ልጅቷ ተነሥታ ፎቶግራፉን ከግድግዳው ላይ ነቀለችና በደብተሯ መካከል ሸሸገችው። በሚቀጥለው ሳምንት ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ሦስት ፎቶግራፎች ሳይነሡ ቀርተው ነበር። የእርሷ ድርሻ ነበሩ።

ሰኞ ዕለት ፎቶግራፉን እንድታሳየኝ ለመንኋት። በእርግጥም የሴትዮዋ ፊት ጨልሞ ነበር፤ ልጁ ያየው ነገር ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን የጨለመው ፊታቸው ስለ ጠቆረ አይደለም። ካሜራ የራሱ የሆነ የብርሃን መለኪያ አለው። መለኪያው የሚያየው ነገር ሁሉ በአማካይ ከነጭና ከጥቁር መካከል የሚገኝ ግራጫ እንደ ሆነ አድርጎ ይገምታል። ስለዚህ ከሰውየው ኋላ ደማቅ መስኮት ሲኖር፣ ወይም ሰውየው ሰፊ ነጭ ጋቢ ሲለብስ፣ መለኪያው ነጩን ወደ ግራጫ ለማውረድ ብርሃኑን ይቀንሳል። ነጩ ሲቀነስ ፊትም አብሮ ይጨልማል። አያትየው በአንድ ጊዜ ሁለቱም ነበረባቸው፤ ከኋላቸው መስኮት፣ በትከሻቸው ላይ ነጠላ። ጥፋቱ የሰው ሳይሆን የብርሃን ነበር።

ከዚህም ሌላ ከሣቁት መካከል አንድም ሰው ያላየው ነገር ነበር። በፎቶግራፉ ታችኛ ክፍል እንዝርቱ ሲሽከረከር ተነሥቶ ክብ ጭጋግ መስሏል። ከባዘቶው እስከ እንዝርቱ የወረደው ፈትል ደግሞ የመስኮቱ ብርሃን አግኝቶት በጨለማው መካከል እንደ ነጭ መስመር ያበራ ነበር። ያ ሁሉ መልካም ነገር በአንድ ቀልድ ተሸፈነ።

የትችት ሥርዓት

ከዚያ በኋላ ክበቡ ደንብ አወጣ። ደንቡ ከአሜሪካዊው የሥነ ጥበብ መምህር ከኤድመንድ ፌልድማን ዘዴ ጋር ተቀራራቢ ነው። ፌልድማን አንድ የጥበብ ሥራ የሚተችበትን መንገድ በአራት ደረጃዎች ከፍሎታል፤ እነርሱም መግለጽ፣ መተንተን፣ መተርጐምና መመዘን ናቸው።

በመጀመሪያው ደረጃ ተመልካቹ የሚያየውን ብቻ ይናገራል። «አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው መስኮት አለ፤ በእጃቸው ባዘቶ ይዘዋል» ይላል እንጂ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው አይልም። ይህ ደረጃ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙውን ስሕተት የሚያስቀረው እርሱ ነው። አንድን ነገር በትክክል ለመግለጽ የተገደደ ሰው ሳያየው ሊሥቅበት አይችልም።

በሁለተኛው ደረጃ ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው ያላቸው ግንኙነት ይመረመራል። ብርሃኑ ከየት መጣ? ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው የት ላይ ነው? በምስሉ ጠርዝ የተቆረጠ ነገር አለ? በሦስተኛው ደረጃ ፎቶግራፉ ምን እንደሚልና ከሳምንቱ ርእስ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ይተረጐማል። በዚህ ደረጃ ተመልካቾች ቢለያዩ ነውር የለውም፤ እያንዳንዱ ግን ትርጓሜውን በምስሉ ላይ ካለ ነገር ጋር ማያያዝ አለበት። ከእነዚህ ከሦስቱ በኋላ ብቻ ወደ አራተኛው ደረጃ፣ ወደ ሚዛኑ ይደረሳል። ሚዛን የሚሰጥ ሰው ምክንያቱን መናገር፣ ጉድለት ካየም ማሻሻያ ማቅረብ ይገባዋል።

ክበቡ ለእነዚህ ሦስት ልማዶች ጨመረ። አንደኛ፣ ፎቶግራፎቹ የሚሰቀሉት ያለ አንሺው ስም ነው፤ ይህም ሰው ለወዳጁ እንዳያዳላና በማይወደው ላይ እንዳይከፋ ይረዳል። ሁለተኛ፣ ማንም ሳይናገር ለአንድ ደቂቃ ሁሉም በጸጥታ ይመለከታል። ሦስተኛ፣ አንሺው እስከ መጨረሻው ዝም ይላል። አንሺው ቀድሞ ካስረዳ፣ ሰዎቹ የሚያዩት ፎቶግራፉን ሳይሆን ማብራሪያውን ይሆናል።

ደንቡ ነቀፋን ብቻ ሳይሆን ባዶ ውዳሴንም የሚከለክል ነው። «በጣም ያምራል» የሚል አስተያየት ጆሮን ያስደስታል፤ ግን ለሚቀጥለው ሳምንት ምንም አያስተምርም። ነቀፋ ሰውን ይመታል፤ ባዶ ውዳሴ ሰውን ያስተኛል። ሂስ ግን ሥራውን ይዞ ከሠራተኛው ጋር ይቆማል። ስለዚሁ ጉዳይ ሽልማትንም በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። በየሳምንቱ አንደኛ የሚባል ከኖረ፣ ተማሪዎቹ ዓይናቸው ያየውን ትተው ዳኛው የሚወደውን ማንሣት ይጀምራሉ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ፎቶግራፍ

ልጅቷ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰች። የጨለማው ምክንያት ስለ ተገለጸላት አያቷን እንደገና አንሥታ ነበር። በዚህ ጊዜ መስኮቱ ከኋላቸው ሳይሆን ከጎናቸው ነው። ብርሃኑ በግንባራቸውና በጉንጫቸው ላይ በመጠኑ አርፎ የፊታቸው እጥፋት ሁሉ አንድ በአንድ ይታያል። እንዝርቱም ጥርት ብሎ ይታያል። ክበቡ በደንቡ መሠረት ተመለከተ፣ ገለጸ፣ ተነተነ፤ ማሻሻያ የሚሻ ነገርም አላገኘም። ልጅቷ ደስ ብሏት ፎቶግራፉን ወደ ቤቷ ወሰደችው።

ትልቁ ሂስ የመጣው ከዚያ ነበር። አያትየው ፎቶግራፉን ወደ ብርሃን ጠጋ አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና፣ «እንዝርቱ ቆሟል፤ ይህቺ ሴትዮ ፎቶ ልትነሣ ተቀምጣለች እንጂ አትፈትልም» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ልጅቷ ምስሉ እንዳይደበዝዝ ስትል፣ «እማማ፣ ለአንድ አፍታ እንዳይንቀሳቀሱ» ብላቸው ነበር። ርእሱ «ሥራ» ነበር፤ ሥራው ግን ለፎቶግራፉ ሲባል ቆመ። ዐሥራ ሁለት ተማሪዎችና አንድ አስተማሪ ያላዩትን፣ ስለ ካሜራ ምንም የማያውቁት ሴት ስለ እንዝርት ስለሚያውቁ አዩት። በፎቶግራፉ ላይ የሚታየውን ሥራ የሚያውቅ ሰው ሁልጊዜ ሊደመጥ ይገባል።

ልጅቷ ይህን ለክበቡ ስትናገር መልሱን ያገኘው ያ ቀልደኛ ልጅ ነበር። «የካሜራው መዝጊያ ቀስ ብሎ ቢዘጋ ኖሮ ፊታቸው ጥርት እንዳለ እንዝርቱ ሲሽከረከር ይታይ ነበር» አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። የካሜራ መዝጊያ ለሰኮንድ 1/125 ያህል ብቻ ሲከፈት የሚንቀሳቀስ ነገር እንደ ቆመ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ለሰኮንድ 1/15 ያህል ሲከፈት ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ የተንቀሳቀሰው ነገር ሁሉ ደብዛዛ ዱካ ይተዋል። ዳሩ ግን በዚህ ፍጥነት የአንሺው እጅ መንቀጥቀጥም ምስሉን ያበላሻል፤ ስለዚህ ካሜራው በጠንካራ ነገር ላይ መቀመጥ አለበት። መዝጊያው ዘግይቶ ሲዘጋ የሚገባው ብርሃን ስለሚበዛም ቀዳዳውን በዚያው ልክ ማጥበብ ያስፈልጋል።

ልጅቷ ካሜራውን በዱካ ላይ አስቀምጣ፣ አያቷም ፈትላቸውን ሳያቋርጡ፣ ሦስቱንም ድርሻዋን በዚሁ ላይ አዋለች። ሁለቱ ተበላሹ። በሦስተኛው ፊታቸው ጸጥ ብሎ፣ እንዝርቱ እየተሽከረከረ፣ ፈትሉ በብርሃን መስመር ወረደ። ከክበቡ አባላት አንዳንዶቹ እስከ መጨረሻው ሁለተኛውን እንደ መረጡ ቀሩ፤ እጃቸው በመጠኑ ደብዝዟልና። አያትየው ግን ሦስተኛውን አይተው፣ በገጠር ለሚኖሩት እኅታቸው እንዲላክላቸው አንድ ቅጂ ጠየቁ።

የሚነሣው ሰው መብት

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሳይጠቀስ ሊታለፍ የማይገባው አንድ ስሕተት አለ። በመጀመሪያው ዓርብ ፎቶግራፋቸው በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የተሣቀባቸው አያትየው እንዲሰቀል አልተጠየቁም ነበር። መነሣትን መፍቀድና መታየትን መፍቀድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰውን ከማንሣታችን በፊት ማስፈቀድ፣ ለማን እንደምናሳየውም መንገር፣ «አይሆንም» ሲባልም ካሜራን ማውረድ ይገባናል። የታመመ፣ ያዘነ ወይም የተቸገረ ሰው ለርእስ ማሟያ አይደለም። በዛሬው ዘመን ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ተነቅሎ በደብተር መካከል ሊሸሸግ ይችላል፤ ከስልክ ወደ ስልክ የተላለፈ ፎቶግራፍ ግን የሚመልሰው የለም።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ነገር ለድርሰትም ይሠራል። የጓደኛችሁን ድርሰት ስታርሙ እንደ ፎቶግራፉ ተመልካች ናችሁ። አስቀድማችሁ የተጻፈውን እዩ፤ ያያችሁትን ግለጹ፤ ከዚያ በኋላ መዝኑ። የእናንተም ድርሰት ሲታረም እንደ ልጅቷ ተመለሱ እንጂ ደብተራችሁን ዘግታችሁ አትቅሩ። ያቺ ልጅ ሦስተኛውን ፎቶግራፍ ያገኘችው ከሦስት ሰዎች ነው፤ ብርሃኑን ካስረዳት፣ እንዝርቱ መቆሙን ከነገረቻትና በመጀመሪያ ሥቆባት በኋላ ከረዳት።

ሀ. የቃላት ፍች

ሂስ፦ የአንድን ሥራ ጥንካሬና ጉድለት በምክንያት አስደግፎ የሚያሳይ አስተያየት።
ነቀፋ፦ ጉድለትን ብቻ ፈልጎ ማውጣት፤ ማጣጣል።
ባዘቶ፦ ተዳምጦና ተነድፎ ለመፈተል የተዘጋጀ ጥጥ።
እንዝርት፦ እየተሽከረከረ ጥጥን ወደ ፈትል የሚለውጥ መሣሪያ።
ዱካ፦ (1) አነስተኛ መቀመጫ፤ (2) የተንቀሳቀሰ ነገር ትቶት የሚያልፈው ምልክት። (በምንባቡ ውስጥ በሁለቱም ፍች ገብቷል፤ ፈልጋችሁ አሳዩ።)

ለ. የግንዛቤ ጥያቄዎች

1. የዳጌር ዘዴ ፎቶግራፍን ለብዙ ሰው ለማካፈል ያላመቸው ስለ ምንድን ነው? የታልቦት ዘዴ ይህን ችግር እንዴት አቃለለው?
2. በቅኔ ትምህርትና በሳምንታዊው የፎቶግራፍ ልምምድ መካከል ጸሐፊው ያየው ተመሳሳይነት ምንድን ነው?
3. የመጀመሪያው ፎቶግራፍ የጨለመበትን ምክንያት በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
4. «የጥፋቱ ባለቤት ብርሃን ነው» ማለትና «ፊታቸው ጠቁሯል» ማለት ለአድማጩ የሚሰጡት ስሜት በምን ይለያያል?
5. አንሺው እስከ መጨረሻው ዝም እንዲል የተደረገው ለምንድን ነው? በዚህ ደንብ ትስማማላችሁ?
6. በመጀመሪያው ዓርብ የአስተማሪው ጥፋት ምን ነበር?
7. የክበቡ አባላት ያላዩትን ጉድለት አያትየው ሊያዩት የቻሉት ስለ ምንድን ነው?

ሐ. ሰዋስው፦ ያልተፈጸመን ነገር የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር

የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ።

መዝጊያው ቀስ ብሎ ቢዘጋ ኖሮ እንዝርቱ ሲሽከረከር ይታይ ነበር።

ይህ ዓረፍተ ነገር ሁለት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ክፍል ሳይፈጸም የቀረውን ሁኔታ ያመለክታል፤ ግሱም «ቢ» በሚለው ምዕላድ ጀምሮ «ኖሮ» በሚለው ቃል ይታሰራል። ሁለተኛው ክፍል ሁኔታው ቢፈጸም ይገኝ የነበረውን ውጤት ያመለክታል፤ እርሱም በ«ነበር» ይዘጋል። ይህ አቀራረብ ለሂስ ይስማማል፤ ጉድለቱንና ማሻሻያውን በአንድነት ይናገራልና።

መልመጃ፦ የሚከተሉትን ነቀፋዎች ከላይ በተመለከተው አኳኋን ወደ ሂስ ለውጡ።

1. የልጁ እግር ተቆርጧል።
2. በቀትር ስለ ተነሣ ዓይናቸው በጥላ ተሸፍኗል።
3. ከኋላዋ ያለው ምሰሶ ከራሷ ላይ የበቀለ ይመስላል።
4. የድርሰቱ መግቢያ በጣም ረዝሟል።

መ. የድርሰት ልምምድ

1. ከቤታችሁ ወይም ከትምህርት ቤታችሁ አንድ ፎቶግራፍ ምረጡ። አራቱን ደረጃዎች ተከትላችሁ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ አንቀጽ በመመደብ ሂስ ጻፉ። በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ሰው ፈቃድ መስጠቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።
2. ክፍሉ በአንድ የሳምንት ርእስ ይስማማ። ካሜራ ወይም ስልክ ያለው ተማሪ አንድ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ የሌለው ደግሞ ሊያነሣው የሚፈልገውን ምስል ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ገላጭ ጽሑፍ ይግለጽ። ሁለቱም ዓይነት ሥራ ያለ ስም ቀርቦ በአንድ ዓይነት ሥርዓት ይተች።